ከበርሊን ለደሴ፦ የአዝማሪ ቤት ፎቶ ነገር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ደሴ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬስ? አባዬስ እግሩን ተሻለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሁልህ ካኖን 6ዲ ካሜራ በሰላም እጅህ በመግባቱ ደስ ብሎኛል። የላክሃቸው የአዝማሪ ቤት ፎቶዎች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ ፊቱ እንደ ኖራ የነጣ ሰው፣ ከኋላው ድፍን ጨለማ። ቤቱ የለም። የካሜራው ጥፋት አይደለም፤ ፍላሹን ፊት ለፊት ስለምትለቀው፣ ሸተሩንም፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ 1/180 ሰከንድ ላይ ስለምታስረው ነው።

ፍላሽ በትንሽ ኃይል ሲሠራ በርቶ የሚጠፋው ከ1/1000 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከ1/180 ወዲህ ሸተሩን ብታዘገየውም ፍላሹ ሰውዬው ላይ የሚጥለው ብርሃን ያው ነው፤ የሚጨምረው የቤቱ መብራት ነው። ሸተር 1/30፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600 አድርግ፤ ፍላሹን በማንዋል፣ ኃይሉን ራስህ መርጠህ፣ 1/16 ላይ አስቀምጠህ ጭንቅላቱን ወደ ኮርኒሱ አዙር። አምፖሉም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድም፣ ጥጉ ላይ የተቀመጠው እንግዳም ብቅ ይላሉ። ቤቱ ከፍላሹ አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ይጨልም፤ አንድ ስቶፕ መጨለም ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው። ከዚያ በላይ ከበራ የሚንቀሳቀስ ሰው ድርብ ሆኖ ይወጣል።

ስትገባ መጀመሪያ ቀና ብለህ ጣራውን እይ። ነጭ ኮርኒስ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። አረንጓዴና ቀይ ጨርቅ ከተወጠረበት የሚመለሰው ብርሃን የጨርቁን ቀለም ይዞ ስለሚመጣ የሰው ፊት አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሆናል። ቀርከሃ ወይም የጠቆረ ጣውላ ደግሞ ብርሃኑን ይበላዋል፤ ኃይሉን እስከ 1/2 ብታወጣው ባትሪ ከመጨረስ በቀር አይረባህም። ያኔ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ካርቶን በላስቲክ ከፍላሹ ጀርባ እሰር። እጣን ከተጫረ ፍላሹን ከካሜራው ነቅለህ፣ በትሪገር (ፍላሹን ከሩቅ በሚያበራው መሣሪያ) እያዘዝህ፣ ግራ እጅህን ዘርግተህ ከጎን አብራ፤ ፊት ለፊት ከለቀቅኸው የሚበራው ጭሱ ነው።

ለእስክስታ 1/15 ይበቃል፤ ትከሻው ሲርገበገብ ዱካው ይቀራል፣ ፊትን ፍላሹ ያቆመዋል። ሸተሩ ሊዘጋ ሲል ፍላሹ እንዲበራ የሚያደርገውን ሰከንድ ከርተን የሚሉትን ሁሉም ያሞግሰዋል። ትከሻ ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ እስክስታ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም ባይ ነኝ። ዞራ ለምትገባ ጨፋሪ ግን ክፈተው፤ አለበለዚያ ዱካዋ ከፊቷ ቀድሞ ወደ ኋላ የምትሄድ ያስመስላታል።

አዝማሪው ትዝታ ወይም አምባሰል በዝግታ ሲያንጎራጉር ፍላሹን አጥፋው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8፣ 1/100፣ አይኤስኦ 3200 ሞክር፤ ከጨለመ 6400 ድረስ አትፍራ። ያ ካኖን 6ዲ በ6400 በልኩ የተነሳን ፎቶ ይችለዋል፤ በ1600 አጨልመህ አንስተህ ኋላ በኮምፒውተር ብታበራው ነው ጥላው ውስጥ መስመር መስመር የሚወጣው። 1/100 ያልሁህም በምክንያት ነው። የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሸተሩ ከዚያ ሲፈጥን አንዱ ፎቶ በርቶ ሌላው ይጨልምብሃል።

ኤፍ 1.8 ላይ፣ 2 ሜትር ርቀት ላይ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከስንዝር አያልፍም። ዓይኑን ስትይዝ ማሲንቆውን የያዘው እጅ ይደበዝዛል። ሁለቱንም ከፈለግህ ከፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ሂድ፣ ዓይንና እጅ ከአንተ እኩል እስኪርቁ። ለፎከስ የመሃሉን ነጥብ ብቻ ተጠቀም፤ በዚያ ካሜራ ጨለማ ውስጥ የሚያየው እሱ ነው።

ቀይ የኤልኢዲ መብራት ክፉ ነው። የፎቶው ቀይ ቀለም ከልኩ አልፎ ይፈስና ፊቱ መጨማደዱም ላቡም የማይለይ ቀይ ወረቀት ይሆናል። ሂስቶግራሙን፣ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ፣ በሦስቱ ቀለም (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ከፍለህ እይ፤ ቀዩ ቀኝ ጫፍ ከነካ አጨልም፣ ወይም መብራቱ ወደ ቢጫ እስኪዞር ጠብቅ። ኋላ ነጭና ጥቁር አደርገዋለሁ ብለህም አትጽናና፤ የጠፋው ዝርዝር አይመለስም። የካሜራውንም ስክሪን ብርሃን ቀንስ፤ ጨለማ ውስጥ የጨለመ ፎቶ የበራ ይመስላል። የሌዘር መብራት ያለበት ቤት ከገባህ ጨረሩ ወደ ሌንሱ ሲዞር አታንሳ፤ ምስሉን የሚቀበለውን ሴንሰር ሊያቃጥለው ይችላል።

የደሴ ብርድ ሌላ ጣጣ አለው። ከጦሳ ተራራ ነፋስ ወጥተህ ሰው የታመቀበት ሙቅ ቤት ስትገባ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ከመግባትህ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አድርገህ እሰር፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ፍታው። በሸሚዝህ አትጥረገው።

ሰው አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ሊለጥፍ ሲነሳ ታውቀዋለህ፤ ኪሱን ሲዳብስ ያኔውኑ አዝማሪው ወደሚያይበት ጎን እለፍ። ሸላሚው ግን መነሳት ይፈልግ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፣ የአዝማሪ ቤቱን ባለቤትም እንደዚያው። እዚህ በርሊን ብዙ የጭፈራ ቤቶች በር ላይ የስልክህን ካሜራ ሌንስ በተለጣፊ ወረቀት ይሸፍኑታል፤ ማታ ከማን ጋር እንደተቀመጠ እንዲታይበት የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው። ደሴ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል። አጥፋው ያለህን እዚያው ፊቱ አጥፋለት። ዕድሜ የጠገቡ እንግዳ ካሉማ ሄደህ ጎንበስ ብለህ አስፈቅዳቸው፤ ከሩቅ አትተኩስባቸው።

ባትሪ ለፍላሹ 8 ያዝ፣ 4ቱ ውስጡ፣ 4ቱ ኪስህ። ካሜራው ካርድ የሚወስደው አንድ ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሌሊት ላይ ቀይረው፤ አንዱ ቢበላሽ ግማሹ ይተርፍልሃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ፎቶ በሮው፣ ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ አንስተህ፣ ምንም ሳትነካካ፣ በቴሌግራም ላክልኝ። ፎቶ ብለህ ሳይሆን ፋይል ብለህ ላክ፤ ያለዚያ ጨምቆ ያመጣውና ፎከሱን ማየት አልችልም።

እማዬንና አባዬን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ