ይድረስ ለአባዬ፦ ስለ ጆይስቲኩ ጉዳይ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሴኡል በርዷል፤ የሰጠኸኝን ጋቢ ሹራብ ላይ ደርቤ ነው የምጽፍልህ።

እሁድ በወንድሜ ልጅ በስልክ ስትቆጣ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። በስልክ አንተን ማን አሸንፎ ያውቃል? «ልጁ ጠፋ! የፊፋ ውድድር አለብኝ ይለኛል። ቁጭ ብሎ ጣት ማንቀሳቀስ ምኑ ነው ውድድር?» አልከኝ። ጆይስቲኩንም ከአያቴ የኮሪያ ሜዳሊያ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህበታል። (የእግር ኳስ ቪዲዮ ጨዋታው ስሙን ከቀየረ ቆየ፤ ሰፈር ግን አሁንም ፊፋ ነው የሚለው።)

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። የልጁን አባት ከፕሌይስቴሽን ቤት እንዳመጣ የምትልከኝ እኔን ነበር አይደል? ወንድሜን ቶሎ ጠርቼው አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ፣ ሳንቲም የሌላቸው ደግሞ ከኋላ ሆነው ያሰለጥናሉ። «አቀብል! አቀብል እንጂ!» የተሸነፈ ይነሳል። ወንድሜ ብዙ ጊዜ አይነሳም ነበር። ቤት ስንደርስ ቀበቶው ይጠብቀዋል። እኔን «ምን አቆየሽ?» ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ተመስገን።

የቤጂንጉን የወፍ ጎጆ ስታዲየም ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። በ2008 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እዚህ ለምዶብኝ) ቀነኒሳ 5 ሺህና 10 ሺህ፣ ጥሩነሽም 5 ሺህና 10 ሺህ። በመጨረሻው ዙር ቴሌቪዥኑን ልትገፋው ምንም አልቀረህም ነበር። እዚያው ስታዲየም ውስጥ በ2017 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ተደረገ። መድረኩ ላይ አሥር ልጆች፣ ዙሪያቸውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ። ሊ ሳንግህዮክ የሚባል ኮሪያዊ አለ፤ ፌከር ነው የሚሉት። ያኔ ሦስት የዓለም ዋንጫ ነበረው። በዚያ ቀን ግን ቡድኑ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ እሱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ቪዲዮውን ሳይ ትዝ ያለኝ የአቴንሱ 10 ሺህ ነው። ኃይሌ አምስተኛ የወጣ ማታ። እራት ቀርቦ ሳትነካው ተኛህ።

የነፌከር ጨዋታ አምስት ለአምስት ነው። እናንተ በረንዳ ላይ በቆርኪ እንደምትጫወቱት ዳማ ያስባሉ፣ ግን ተራ የሚባል ነገር የለም። አሥሩም ባንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ስታርክራፍት የተባለውን ሌላ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጫወቱት ባለሙያዎች ደግሞ በደቂቃ ከ300 በላይ ትእዛዝ በጣታቸው ይሰጣሉ። ልምምዱ በቀን አሥር ሰዓት ያልፋል። ሰውነትም ይከፍላል፤ ፌከር በ2023 ክንዱን አሞት ለሳምንታት ከጨዋታ ወጣ። ያለ እሱ ቡድኑ ይሸነፍ ጀመር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተመልሶ እዚሁ ሴኡል አራተኛውን ዋንጫ አነሳ። እኔ ጓንግህዋሙን አደባባይ ከሕዝቡ ጋር በትልቅ ስክሪን አየሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አጠገቤ አንዲት ያንተ እኩያ የሚሆኑ ሴትዮ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይጮሁ ነበር። በ2025 ስድስተኛውን ሲወስድ 29 ዓመቱ ነበር፤ በዚህ ሙያ ሽማግሌ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ላያሳምንህ ይችላል። የሚቀጥለውን ግን አስብበት። እዚህ ወንድ ልጅ ውትድርና ግዴታው ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል። ዘፋኝ ሆነ የሀብታም ልጅ፣ ይገባል። የእኛው ቃኘው ሻለቃ የተዋጋበት የኮሪያ ጦርነት በተኩስ ማቆም ስምምነት ቆመ እንጂ የሰላም ውል አልተፈረመበትም፤ ከሴኡል እስከ ድንበሩ ያለው መንገድ ከአዲስ አበባ አዳማ ያጥራል። እንዲህ ያለ መንግሥት ወታደሩን በዋዛ አይለቅም። ከስፖርተኛ የሚለቀው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ወይም የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ያመጣውን ነው፤ እሱም መሠረታዊ ሥልጠናውን ወስዶ፣ ቀሪውን በሌላ አገልግሎት ያካክሳል። በ2023 ቻይና ሃንግዡ ላይ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች ኢስፖርት፣ ማለትም እንዲህ ያለው የቪዲዮ ጨዋታ ውድድር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሜዳሊያ ውድድር ሆኖ ገባ። እነ ፌከር ወርቅ አመጡ። አገሪቱም እንደ ማንኛውም ስፖርተኛ ለቀቀቻቸው። ያንተ ፊፋም እዚያ ሜዳሊያ ነበረው። ስትሪት ፋይተር በሚባለው የድብድብ ጨዋታ ደግሞ ወርቁን ያገኘው የ44 ዓመት ኮሪያዊ ነው። አትሳቅ!

አንተም ልክ የሆንክበት ቦታ አለ። ሩጫ ባለቤት የለውም። እነዚህ ጨዋታዎች ግን የኩባንያ ናቸው፤ ኩባንያው ሲያሻው ሕጉን ይቀይራል፣ ሲያሻው ይዘጋቸዋል። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። የኦሎምፒክ ኮሚቴው ራሱ ሳዑዲ ላይ የኢስፖርት ኦሎምፒክ ሊያደርግ ተስማምቶ ነበር፤ በ2025 ግን ከሳዑዲዎቹ ጋር ተነጋግሮ ውሉን አፍርሷል። ደግሞ ከሺህ ልጅ አንዱ እንኳ እንጀራ አይበላበትም። ፌከር ትምህርቱን አቋርጦ ነው የገባው፤ ይህንን ለልጁ እንዳትነግረው።

አባቱ ክፍለ ሀገር ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ፤ ልጁ ያለው አንተ ጋ ነው። የቤት ሥራውን ሲጨርስ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ቴሌቪዥኑ ላይ ይጫወት። አንተም አጠገቡ ተቀመጥና አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው እይ። ለምን ወደ ኋላ እንዳቀበለ ጠይቀው፤ መልስ አለው። እኔ ጠይቄው ግማሽ ሰዓት አስረድቶኛል።

የግፊት መድኃኒትህን በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ሰው ይዞልህ ይመጣል። እስከዚያ ያለህን ጠዋት ጠዋት መውሰድ እንዳትረሳ።

የመሳቢያው ቁልፍ ያለበትን ልጁ በቴክስት ጠይቆኝ ነበር። ከሬዲዮው ሥር እንደምታስቀምጠው አውቃለሁ። አልነገርኩትም።

ልጅህ