ልጄ ሥዕሉን ከማሳተምሽ በፊት

ልጄ ሆዴ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት ወንድምሽ ደውሎ ያንን ብቸና ያለችው አክስትሽ ሳሎን የተሰቀለውን የአድዋ ሥዕል ካላንደርና ቲሸርት ላይ ልታሳትመው ነው ሲለኝ እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም። "አሮጌ ነው፣ ባለቤት የለውም" አልሽው አሉ። ማርጀቱ አይደለም ቁም ነገሩ። ሰዓሊው የሞተበትን ዓመት ሳታውቂ እንዳታሳትሚ።

አክስቴ ፈቅዳልኛለች እንዳትይኝ፣ እሷ የገዛችው ሸራውን ነው፣ የማባዛቱ መብት የሰዓሊውና የወራሾቹ ነው። በኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መብቱ ሰዓሊው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያረፈው በ1973 ነው፣ የሱ እንኳ እስከ 2023 ገና ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ደግሞ እስከ 2054። አውሮፓ ላሉት እሸጣለሁ ካልሽ እዛ የራሳቸው ሕግ አለ፣ ለነሱ ሰዓሊዎች 70 ነው።

አያትሽ ጾሞ ነበር የሚስለው። ቅዱስ ጊዮርጊሱን አንድ ነጋዴ ፎቶ አንስቶ ከታች ያለውን ስሙን ቆርጦ ካላንደር አርጎ ቸበቸበው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥተን ጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ አየነው፣ እኔ ልጅ ነኝ፣ "አባባ ያንተ ነው እኮ!" ስለው እጄን ጨብጦ "ዝም በይ" ብሎኝ አለፈ። ከዛ ወዲህ ሥዕሉ ላይ ስሙን መጻፍ ተወ። አሁን የሱን ሥዕሎች ልሰብስብ ብል የትኛው የሱ እንደሆነ በምን ልለየው? ይሄ ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ። የሱ የልጅ ልጅ በሰው አባት ላይ ይሄን እንድትደግመው አልፈልግም፣ ልጄ፣ ብትቆጪም ተቆጪ።

አሁን አክስትሽ ጋ ደውይና ሸራውን አውርዳ ጥጉንም ጀርባውንም ታንብብልሽ። ዓመተ ምህረት ካለ ያ የተሳለበት ነው እንጂ የሞተበት አይደለም፣ እንዳትሸወጂ። ከማን እንደገዛችውም ጠይቂያት፣ ሰዓሊው የዛው አካባቢ ሰው ከሆነ ተስካሩን የበላ አይጠፋም። ልጆቹ ከተገኙ ሄደሽ አስፈቅጂ፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ስሙንም ካላንደሩ ላይ አውጪው። ፎቶውንም ራስሽ አንሺው፣ ፎቶግራፍም ለብቻው የ25 ዓመት መብት አለው። የሞተበትን ዓመት ሳታውቂ ግን በፍጹም።

በርበሬና ሽሮ በአውቶብስ ልኬልሻለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ውጪና ተቀበይ። ማተሚያ ቤቱን ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚ።

እናትሽ