ድስቷን ያላጠበችው ሱዛን

ውድ አዘጋጅ፣

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበሩ ምስጢራዊ ሞቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አባቷን በመርዝ ገድላለች የተባለችውን የሜሪ ብላንዲን ጉዳይ ስታነሱ ግን ከፍቅረኛዋ ጋር የነበራት ፍቅር ላይ ብቻ አተኮራችሁ። አባቷ ፍራንሲስ ብላንዲ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1751 እንግሊዝ አገር፣ ሄንሊ ከተማ ሞቱ። መጀመሪያ የጠረጠረችው የቤት ሠራተኛዋ ሱዛን ገነል ነበረች። ስሟን እንኳ አላነሳችሁም።

ሱዛን ለታማሚው የተሠራውን አጥሚት ቀምሳ ራሷም ታማለች። ድስቱን ዘንበል አድርጋ ስታየው ሥሩ ላይ ነጭ፣ አሸዋ አሸዋ የሚል ዝቃጭ አገኘች። ሌላ ሰው ቢሆን አጥቦ ያስቀምጠው ነበር። እሷ ግን ቆልፋበት አደረች። በማግስቱ ጎረቤት ወሰደችው፤ ከዚያ መድኃኒት ቀማሚ ተጠራ።

ሐኪሙ አንቶኒ አዲንግተን የዝቃጩን ዱቄት በጋለ ብረት ላይ በተነው። ነጭ ጭስ ወጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። ከሱቅ ከተገዛ አርሴኒክ ከሚባል መርዝ ጋር አስተያየው፤ አንድ ሆኑ። ያኔ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ የኬሚስትሪ ማስረጃ መስማት ብርቅ ነበር። ሜሪ “አባቴ ፍቅረኛዬን እንዲወድልኝ የሚያደርግ ዱቄት መስሎኝ ነው” ብትልም ተፈረደባት። ኤፕሪል 6 ቀን 1752 ተሰቀለች።

እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ናሙናው ከተደፋ የፈለገ ጎበዝ ሐኪም ቢመጣ ምን ይመረምራል? እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም የሱዛንን ነገር ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
ከአዲስ አበባ