ጉዳዩ፦ ለማርሽ ባንዱ ስለሚገዙት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጥራት

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ፣ ለማርሽ ባንዱ ባዋጣችሁት ገንዘብ ምን ዓይነት መሣሪያ ይገዛ የሚለው ጥያቄ ሳይቋጭ በመቅረቱ፣ የሙዚቃ መምህራችን የሁለቱን አቅራቢዎች ናሙናዎች መርምረው ያገኙትን ውጤትና ትምህርት ቤቱ የያዘውን አቋም በዚህ ደብዳቤ እናሳውቃለን።

የመጀመሪያው አቅራቢ አሥራ አራት አዳዲስ መሣሪያዎችን ከነሣጥናቸው አቅርቧል፤ የአምራቹን ስም ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልተገኘም። ሁለተኛው በዚያው ገንዘብ ዘጠኝ ብቻ የሰጠ ሲሆን እነዚህ የያማሃና የጁፒተር የተማሪ ደረጃ ምርቶች ናቸው፤ ጥቂቶቹም ያገለገሉ ናቸው። ብዙዎቻችሁ ወደ መጀመሪያው ማዘንበላችሁ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለአምስት ተጨማሪ ልጆች መሣሪያ ማዳረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የመሣሪያው ጥራት የሚለየው በውጭ አንጸባራቂነቱ ሳይሆን በቫልቩ፣ ማለትም በጣት ሲጫኑት የአየሩን መንገድ በሚለውጠው ክፍል ነው። በትራምፔት ቫልቭ ውስጥ ከፍ ዝቅ በሚለው ፒስተንና በሚገባበት ሲሊንደር መካከል የሚኖረው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ በመሆኑ፣ ሥራው ጥንቃቄ ከጎደለው አየር በጎን ያመልጣል፣ ድምፁ ይሳሳል፣ ልጁም ጉድለቱ የራሱ እየመሰለው ይብሱኑ ይታገላል። መምህሩ ቫልቩን ሳይጫኑ የጎኑን ስላይድ (ተንሸራታች ቱቦ) ስበው ሲያወጡት፣ በሚገባ የገጠመው መሣሪያ እንደ ጠርሙስ ክዳን «ጧ» ሲል፣ ከአዲሶቹ ናሙናዎች ሁለቱ ምንም ድምፅ አላሰሙም። የአንደኛው ሦስተኛ ቫልቭ ደግሞ ዝግ ብሎ ሲጫኑትና ሲለቁት ግማሽ ላይ ተይዞ ቀረ፤ ዘይት ተጨምሮበትም አልተስተካከለም። በሰልፍ ላይ እየተራመደ ለሚነፋ ልጅ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ከማዳከም በቀር የሚሰጠው ነገር የለም።

ያገለገለ ዕቃ ሁሉ ደኅና ነው ማለታችን ግን አይደለም። መሣሪያዎቹ የሚሠሩበት ቢጫ ናስ በአብዛኛው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ሲሆን፣ ምራቅና እርጥበት ከጊዜ ብዛት ዚንኩን እየበሉ ከማውዝፒሱ (ከንፈር ከሚያርፍበት መንፊያ) ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ያሳሱታል፤ ምልክቱም ወደ ቀይ የሚያደላ ነጠብጣብ ነው። ይህ ምልክት በሁለተኛው አቅራቢ አንድ ትራምፔት ላይ በመገኘቱ እንዲለወጥ ጠይቀን አቅራቢው ተስማምቷል። በአንጻሩ ትንሽ ጉድጓድ ወይም የተላጠ ቅብ ሊያስጨንቀን አይገባም፤ ጉድጓድ ይቃናል፣ ቅብም ለድምፅ ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ፍሬንች ሆርን ለምን አልተካተተም ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ የፍሬንች ሆርን የድምፅ መውጫ አፍ ወደ ኋላ ስለሚዞር በሰልፍ ጊዜ ድምፁ ከተመልካቹ ይሸሻል፤ ስለዚህ አፉ ወደ ፊት የሆነው ሜሎፎን ተመርጧል። ትከሻ ላይ የሚጠመጠመውን ትልቁን ሱዛፎን በተመለከተ፣ ከናስ የተሠራው ድምፁ የተሻለ ሙላት ቢኖረውም ከ13 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ትከሻ ቀለል ያለውን የፋይበር ግላስ መርጠናል። እኔ በግሌ የናሱን ድምፅ የምወድ ብሆንም የልጆቹ ጀርባ ይቀድማል።

ሌላው ያመዘነብን ነገር መለዋወጫ ነው። የታወቁት አምራቾች የቫልቭ ስፕሪንግም ሆነ ፌልት (የቫልቩን ምት የሚያለዝብ ወፍራም ጨርቅ) በሞዴል ቁጥር ተፈልጎ የሚገኝ ሲሆን፣ ስሙ ለማይታወቀው መሣሪያ ግን አንድ ቁራጭ ብትሰበር መሣሪያው በሙሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

በመሆኑም ትምህርት ቤቱ ዘጠኙን መሣሪያዎች ለመግዛት ወስኖ ለኅብረቱ አቅርቧል። ሁለት ተማሪዎች አንድ መሣሪያ በፈረቃ የሚጠቀሙባቸው ቦታዎች ስለሚኖሩ፣ ለጤና ሲባል እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማውዝፒስ ሊኖረው ይገባል፤ ነገር ግን መጠኑ ከመሣሪያው ጋር መግጠም ስላለበት መምህሩ ሳይነግሯችሁ እንዳትገዙ አደራ እንላለን። ባንዱ የካቲት 23 በሚከበረው የዓድዋ በዓል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሰለፍ ስለታቀደ፣ ተቃውሞ ወይም ሐሳብ ያላችሁ እስከ ኅዳር 20 ድረስ ለጽሕፈት ቤታችን በጽሑፍ እንድታቀርቡ እንጠይቃለን። የሁለቱንም አቅራቢዎች ናሙናዎች በራሳችሁ እጅ ሞክራችሁ ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት በሙዚቃ ክፍል ልትገኙ ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር