ከዘር ነው ወይስ ከጫካ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለቀዝቃዛ አየር ስለሚሆኑ ብርቅዬ አበቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ቀርቶበታል፤ ተክሉ ከየት እንደመጣ ሻጩን መጠየቅ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲፕሪፒዲየም የሚባለውን ኦርኪድ ገዛሁ። ብርድ ይችላል፤ አበባው ትንሽዬ ነጠላ ጫማ ይመስላል። ቤት ገብቼ ከላስቲኩ ሳወጣው ግማሹ ሥር በአካፋ ተቆርጧል፣ ጫፉም ጠቁሯል። በመሃሉ የበሰበሰ ቅጠልና የሌላ ዛፍ ሥር ተጠላልፎበታል። ከጫካ ተቆፍሮ እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ጥላ ፈልጌ ተከልኩት፣ ተንከባከብኩት። ብርዱ ሲያልፍ ግን ብቅ አላለም።

የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። የራሱ ስንቅ ስለሌለው በዱር የሚበቅለው ፈንገስ እየመገበው ነው። በቤተ ሙከራ ማብቀል ይቻላል፤ እስኪያብብ ግን ዓመታት ይፈጃል። ቆፍሮ መሸጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እንግሊዝ አገር የዚሁ ዘመድ ሲፕሪፒዲየም ካልሲዮለስ እየተለቀመ አልቆ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በዱር የሚታወቀው አንድ ተክል ብቻ ሆኖ ነበር። በጠባቂ ነው የተረፈው። ዛሬ ኦርኪዶች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ይደረግበታል።

ከዘር ሲሆን እንዴት እንደሚያምር ደግሞ ሰማያዊው የሂማላያ ፖፒ የሚባለው አበባ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ፍራንክ ኪንግደን-ዋርድ ከቲቤት ያመጣው ዘሩን ነው፤ የአትክልት ስፍራዎች የሞሉት ከዚያ ነው። እኔም ትኩስ ዘር አግኝቼ አፈሩ ላይ በተንኩ፣ አልሸፈንኩትም። በመጀመሪያው ዓመት ያወጣውን እምቡጥ አንጀቴ እያረረ ቀነጠስኩት፤ ሥሩ ይጠንክር ብዬ። በሁለተኛው ዓመት አበበ። እንደ ጠራ ሰማይ ያለ ቅጠለ አበባ፣ መሃሉ ቢጫ። ያን ቀለም ሌላ አበባ ላይ አላየሁትም።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ አንባቢዎች «ከዘር ያበቀልከው ነው? ስንት ዓመት ፈጀብህ?» ብለው እንዲጠይቁ ንገሩልኝ። ያበቀለ ሰው ጥያቄውን ይወደዋል፤ ሲያወራ አይጠግብም።

አሁን ሁለተኛ ሲፕሪፒዲየም አለኝ። አብቃዩ የዘራበትን ዓመት በእርሳስ ጽፎ ነው የሰጠኝ። ሥሩ ነጣ ያለ፣ አንድም ያልተቆረጠ። ገና አላበበም። እጠብቀዋለሁ።

አንባቢያችሁ