አጉሊ መነጽርህ እኔ ጋ ነው

ባሕር ዳር፣ ሽንብጥ

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሌ፣

እንደምን ከርመሃል? ድሮ ደብዳቤ ስንጻጻፍ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብለን ነበር የምንጀምረው። አራት ዓመት ጠፍቼ ናፍቀኸኛል ለማለት ግን አፌ አልደፍር አለኝ። የእናትህን የእማማን ለቅሶ አልደረስኩም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር እያልኩ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ እውነትም ተዘግቶ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ተከፈተ፣ ያኔም አልመጣሁም። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ አሁን ምን ብዬ ልግባ እያልኩ ሙት ዓመቱ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ስልክህን ባየሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ አንድ ባልዲ ነው።

ፎገራ ሩዝ የሚያርሰው የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ ይዞ ከች አለ። ውሃው ላይ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቀላ ያለ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ተንሳፍፏል። «ጋሼ፣ ማዳበሪያ ትሆናለች ብለው ሰጡኝ። የእምቦጭ ልጅ እንዳትሆን ግን ፈራሁ» አለኝ። አልፈርድበትም። እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ እዚህ አገር ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። እኔና አንተስ እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ገብተን ስንነቅል ውለን ማታ እጃችንን ማጠፍ አቅቶን አልነበር?

በጣቴ አንዷን አነሳሁና ሳያት ሳቄ መጣ። አዞላ ናት።

ፔዳ ግቢ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለን፣ እሷኑ ያየንበትን የቤተ ሙከራ ቀን ታስታውሰዋለህ መቼም። አንተ «ይሄ ፈርን ነው» (ያለ አበባና ያለ ዘር፣ ስፖር በሚባል ብናኝ የሚራባ ተክል) ስትል እኔ ብድግ ብዬ «ቅጠሉ ሲወጣ እንደ ፈርን ያልተጠቀለለ፣ ከጀርባው ሶሪ (የስፖር ከረጢቶች ጥቅል) የሌለው፣ ምኑ ነው ፈርን? አልጌ ነው!» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ፣ አንተ ዝም አልክ። ሙሌ፣ ያኔ ትክክል ነበርክ። ቅጠሏ አለመጠቅለሉ እውነት ነው፤ ሶሪው ግን አለ። እኛ የምናውቀው ፈርን ቅጠል ጀርባ ላይ ቡናማ ነጥብ ሆኖ አይታይም እንጂ፣ እያንዳንዱ ሶሪ በገዛ መሸፈኛው ተጠቅልሎ ከውሃው በታች ተንጠልጥሏል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ ትልቁ ድብልብል ብዙ ወንዴ ስፖር ይይዛል፣ ትንሹ ደግሞ አንድ ሴቴ ስፖር ብቻ። አብዛኛው ፈርን አንድ ዓይነት ስፖር በሚበትንበት ዓለም ይቺ ወንድና ሴት ለይታለች።

በመነጽር ሳያት አመሸሁ። እያንዳንዱ ቅጠል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የታችኛው ክፋይ ስስ፣ ቀለም የለሽ ሆኖ ውሃው ላይ ይተኛል፣ አረንጓዴው የላይኛው ክፋይ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ጎድጓዳ ክፍል አለው። ክፍሉ ባዶ አይደለም። ኖስቶክ የሚባለው ሳያኖባክቴሪያ (እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ) እዚያ ተቀምጦ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ለአስተናጋጁ ያቀርባል። ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ተከራይ ከውጭ ፈልጎ አይገባም፤ ከእናት ወደ ልጅ በሴቴው ስፖር ላይ ተሳፍሮ ይተላለፋል። ተለይቶም ብቻውን መኖር አይችልም። የቻይናና የቬትናም ገበሬዎች ይህን ሁሉ ሳይሰሙ ለዘመናት ሩዝ ማሳቸው ውስጥ አሳድገዋታል። ውሃው ሲሸሽ ትሞታለች፣ ስትበሰብስ ናይትሮጅኑን ለሩዙ ትለቃለች። ስሟም ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ድርቀት የሚገድላት እንደማለት።

የፈረንሳዩ ተመራማሪ ላማርክ በ1783 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣላት ወገኗ ብቻውን የቆመ ይመስል ነበር፤ ለረጅም ጊዜም የራሷ ቤተሰብ ተሰጥቷት ኖረች። አሁን ከሳልቪኒያ ጋር አንድ ቤተሰብ ውስጥ ገብታለች፤ ሳልቪኒያም የውሃ ላይ ፈርን ናት። ዝርያዎቹ ስንት እንደሆኑ ሊቃውንቱ እስከዛሬ ይከራከራሉ፣ እኛ ብቻ አይደለንም የተጣላነው። ክፍፍሉ የቆመው በሴቴው ስፖር አናት ላይ ባሉት ተንሳፋፊዎች ቁጥር ነው። አንደኛው ወገን 3 አለው፣ ሌላው 9። የአፍሪካዎቹ ፒናታና ኒሎቲካ ከ9ኞቹ ናቸው። ኒሎቲካ፣ ስሙ እንደሚነግርህ የዓባይ ልጅ፣ ከሁሉም ትልቋ ናት፤ 30 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች፣ ሥሮቿም በጥቅል በጥቅል ይወርዳሉ። የእኔ ባልዲ ነዋሪዎች ጥፍሬን አያክሉም፣ ሥራቸውም ነጠላ ሆኖ እንደ ላባ የተዘረዘረ ነው። ስለዚህ ፒናታ ናቸው ብያለሁ። ተንሳፋፊ ቆጥሬ እንዳልማል ስፖር አላወጡም።

ለእህቴ ልጅ ምን አልኩት መሰለህ? «የእምቦጭ ልጅ አይደለችም፤ እምቦጭ ያብባል፣ ይቺ አበባም ዘርም የላት። ግን እንዳትንቃት።» ሲመቻት በጥቂት ቀን እጥፍ ትሆናለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ3ቱ ተንሳፋፊ ወገን የሆነችው ፊሊኩሎይደስ በ1948 እ.ኤ.አ. ታይታ ግድብና ኩሬ አልብሳ ነበር፤ ልጓም ያገኘችው በ1997 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ያመጡትን አንድ ጥቃቅን ነቀዝ ከለቀቁባት በኋላ ነው። ስለዚህ ማሳው ውስጥ ትሁን፣ ወደ ጣና በሚወርድ ቦይ ግን እንዳትደፋ ብዬ አስጠነቀቅሁት። «ዩሪያ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ማን ይደፋታል» አለኝ።

አንዱን ደግሞ ሳልነግርህ ባልፍ አያስችለኝም። በ2004 እ.ኤ.አ. የሰሜን ዋልታን ባሕር ወለል የቆፈሩ ሰዎች ከ49 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተከመረ የአዞላ ቅሪት አገኙ። በበረዶው የምናውቀው ውቅያኖስ ያኔ ላዩ ጨው አልባ ሆኖ ይቺው ፈርን ተንሳፍፋበት ነበር። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ልደውልልህ አሰብኩ፤ ከዚያ የእማማ ነገር ትዝ አለኝና ስልኩን አስቀመጥኩት።

ባልዲው በረንዳው ጥላ ሥር ነው። ፀሐይ ላይ ሳወጣት ትቀላለች፣ ጥላ ስመልሳት አረንጓዴዋን ትይዛለች፣ ልጆቹ ለዚሁ ሲሉ እያወጡ ያስገቧታል። መነጽሩ ያው ያንተው፣ መያዣው ላይ በምስማር «ሙ» ብለህ የጫርክበት ነው። ፈተናው ሲያልቅ እመልስልሃለሁ ብዬ ነበር የወሰድኩት።

በመጪው ወር ሁለተኛ ሳምንት እመጣለሁ። መጀመሪያ እማማ መቃብር እንሄዳለን፤ ከዚያ መነጽርህን እሰጥሃለሁ። አትምጣ ካልክ በልጅህ በኩል ላክብኝ፣ አልቀየምም።

ያንተው፣
የፔዳው ጎረቤትህ