እማዬ፣ የዘጌ ቡናሽን አልተውኩም

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤው ረዘም ይላልና የእህቴ ልጅ ሲያነብልሽ አይቸኩል፤ ቁጥር ያለበት ቦታ ላይ ቀስ ይበል።

ባለፈው ባሕር ዳር እኔ ጋ ስትመጪ ድስቱ ሽሮ ብቻ፣ ቀሚሴም ያው ያምናው ሆኖ አግኝተሽ፣ «ደሞዝሽ አልበቃ አለሽ ወይስ ታመሽ ነው የምትደብቂኝ?» አልሽኝ። እንግዳ ስለነበረ በደንብ አልመለስኩልሽም። አልታመምኩም፤ አልቸገረኝምም። የውሃ ነገር ነው።

መሥሪያ ቤታችን ስለ ውሃ ስልጠና ሰጥቶን ነበር። የሰማሁት አላስተኛ ብሎኝ ማታ ማታ ማንበብ ያዝኩ። እኛ ውሃ የምንለው በእንስራ የቀዳነውን፣ በቧንቧ የወረደልንን ነው። ነገር ግን የምንለብሰውም የምንበላውም ሲበቅል ጠጥቷል። አርየን ሁክስትራ የሚባል ሆላንዳዊ ምሁር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ይህን የሚቆጥር «የውሃ አሻራ» የተባለ ስሌት አቀረበ። በዚያ ስሌት፣ በዓለም አማካይ፣ አንድ የጥጥ ካናቴራ ወደ 2,500 ሊትር ውሃ ይፈጃል። አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ወደ 15,400 ሊትር። አንድ ስኒ ቡና ደግሞ ወደ 130 ሊትር። አንድ ስኒ፣ እማዬ! አንቺ ቤት በረካን ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው የለም።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። የዘጌ ልጅ ቡና ትታ ምን ልትሆን ነው? ቆይቼ ሳስተውለው ግን ሊትሩ ሁሉ እኩል አይደለም። ያንቺ ቡና ከዋንዛውና ከብርብራው ጥላ ሥር ሆኖ የሚጠጣው የክረምቱን ዝናብ ነው። በፓምፕ የሳበለት የለም፤ ከጣና ባሕር አንድ ጣሳ አልወሰደም። በዘጌ በሬ ተጠምዶ ስለማይታረስም አፈሩ እንደ ሌላው አገር ማሳ ታጥቦ ወደ ጣና አይወርድም። ስለዚህ ከዘጌ ቡና ጋር ጠብ የለኝም።

ጥጡ ግን ሌላ ነው። በኡዝቤኪስታንና በካዛኪስታን መካከል አራል የሚባል ባሕር ነበር፤ ከጣና ሃያ እጥፍ የሚሰፋ። የሚመግቡትን ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን፣ ከአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ ጀምሮ ለጥጥ መስኖ ጠለፏቸው። ባሕሩ ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር እየሸሸ ሄደ፤ ጀልባዎቻቸው አሸዋ ላይ ቀሩ። አብዛኛው ዛሬ የጨው ሜዳ ነው። አንቺ «ባሕር ደግሞ ያልቃል ወይ?» ትይኝ የለ? የዚያ አብዛኛው አልቋል። እኔም ገበያ በወጣሁ ቁጥር ርካሽ ነው ብዬ ልብስ ማንሳቱን ትቻለሁ። ያለኝን እስኪያልቅ እለብሳለሁ፤ የተቀደደውን አሰፋለሁ፣ አንቺ የአባቴን ጋቢ እየጠገንሽ እንዳለበስሽው።

አራል ሩቅ ነው ካልሽ የሐረማያ ሐይቅ አለልሽ። የሐረር ከተማ የምትጠጣው ከእሱ ነበር። ደለል ሞላው፤ ለጫትና ለአትክልት ከዙሪያው በፓምፕ ተሳበ፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ደረቀ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል በረጅም ቧንቧ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ከዓመታት በኋላ ሐይቁ ውሃ መልሶ መያዙን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በመካከሉ ምን ያህል እንደተጠማ አስቢው። ጣናም ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር ቢሆን ነው። እዚህ ባሕር ዳር ዙሪያ በበጋ ፓምፕ ከሚያጠጣቸው አንዱ ጫት ነውና ጓደኞቼ ጫት ይዘው ቤቴ እንዳይመጡ ነግሬያቸዋለሁ። የተቀየመ አለ፤ ይቀየም።

የልብስ እጣቢም ወደ ቦዩ አልደፋም፤ ጓሮ አፈር ላይ አፈሰዋለሁ፤ ሳሙናውንም ቀንሻለሁ። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ በደንቢያና በፎገራ በኩል ስንቱ ገበሬ ወገቡ እስኪቆረጥ ነቀለው! አረሙን የሚያወፍረው ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማችን የሚወርደው ፍሳሽ ነው።

ስለ ሥጋው እውነቱን ልንገርሽ። ያ 15,400 የሚለው ቁጥር ገለባና ድርቆሽ በልቶ ላደገው ለኛ አገር በሬ በትክክል ይሠራል ብዬ አላምንም። በሬው የሚበላው ሰው የማይበላውን ነው፤ ሳሩንም ያበቀለው ዝናብ ነው። ቢሆንም ከተማ ሲኖሩ ሥጋ የየቀን ነገር ይሆናል፤ ያ አይገባም ብዬ ለበዓል ብቻ አድርጌዋለሁ። ረቡዕና ዓርቡን፣ ዐቢይ ጾሙን፣ ፍልሰታውን ስትጾሚ ለኖርሽው ለአንቺ ይህ የሚከብድ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ወንድሜ ከቡናው መሐል ያሉትን ትልልቅ ዛፎች ቆርጦ ለማገዶ ሊሸጥ፣ በቦታውም ጫት ሊተክል እንዳሰበ ሰማሁ። እባክሽ እማዬ፣ አትፍቀጂለት። ጥላው ከሄደ ቡናው በፀሐይ ይመታል። ጫቱ በበጋ ውሃ ይጠይቃል፤ ውሃው የሚሳበው ደግሞ ከባሕሩ ነው። አንዴ የተቆረጠን ዋንዛ አንቺም እኔም በዕድሜያችን እንደዚያ ሆኖ አናየውም። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ከብዶታል። ልብስና ሥጋ ከቀነስኩ ወዲህ በየወሩ የሚተርፈኝ አለ። የመስከረሙን ክፍያ ግማሽ እኔ እችላለሁ በይው። ቢያፍር እንኳ ይደውልልኝ፤ እኔ ነገሩን አነሳለታለሁ።

ቡናውን ሳይቆላ ጥሬውን ላኪልኝ። ለፋሲካ በጀልባ እመጣለሁ፤ ዶሮው እንዳይቀር፣ ከሁሉም ጋር ተቀምጬ እበላለሁ። የጉልበትሽን መድኃኒት ይዤልሽ ስለምመጣ የጨረስሽውን ብልቃጥ አትጣዪው፤ ስሙን አይቼ እንድገዛ የእህቴ ልጅ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከባሕር ዳር